ዕቃችሁም ቀለብ ይፈልጋል



ዘሩን የበላ ገበሬ በአገራችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይራቆታል። ልጆች ይርባቸዋል። ቢሆንም ለዘር የተለየችውን ገብስ የሚነካት የለም። ገብሷ በቤቱ ውስጥ ናት፤ የአባወራው ግን አይደለችም። የመጪው ዓመት ናት። ይህን ማንም አላስተማረንም። ከአባቶቻችን አየነው፣ ያዝነው።

በእህል ላይ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች በዕቃችን ላይ ለምን እንዲህ እንደምንሆን አይገባኝም። ኮርቻው እስኪበጠስ እንጭነዋለን። ወፍጮው እስኪቆም እናስፈጨዋለን። የሚያስገባውን ብር በሙሉ እንበላዋለን። ሲሰበር «ዕድሌ ነው» እንላለን። እኔ ግን ዕድል አይደለም እላለሁ። ዘር መብላት ነው።

ነገሩን ከጊች ልጀምር።

ጊች በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር ገደማ ላይ የነበረ የገብስ መንደር ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በ1989 ዓ.ም. ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የእርሻውና የግጦሹ መስፋፋት ከምክንያቶቹ መካከል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የጊች አባወራዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። መነሣታቸው ልክ ነበር አልነበረም ተብሎ ብዙ ተነግሯል። ዛሬ ወደዚያ አልገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ ነው።

የጊች ሰው እዚያ ላይ ሳለ ሀብቱ መሬትና ከብት ነበር። ካሳ ተቀብሎ ከተማ ሲገባ ሀብቱ ብር ሆነ። ብር ደግሞ እንደ ተራራ ቆሞ አይጠብቅም። ወይ ይበላል፣ ወይ ዕቃ ይሆናል። ዕቃ ያደረገው ሰው ደግ አደረገ። ነገር ግን ዕቃ እንደ መሬት አይደለም። መሬት ጦም ቢያድር ያርፋል፤ በሁለተኛው ዓመት የተሻለ ያበቅላል። ወፍጮ ጦም ቢያድር ይዝጋል። ላም ብታረጅ ጥጃዋ ትተካታለች። በቅሎ ግን አትወልድም። ስለዚህ ከመሬት ወደ ዕቃ የተሻገረ ሰው ሌላ ዓይነት ጥበቃ መማር አለበት። ይህ ለጊች ሰው ብቻ አይደለም። በዳባትም በደባርቅም መሬቱ የጠበበበት ወጣት ሁሉ ወደዚሁ እየመጣ ነው።

መጀመሪያ የበቅሎዋን ነገር እንይ፤ እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ እንግዳው ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ጊች፣ ወደ ጨነቅ ሲወጣ ጓዙን የምትሸከመው በቅሎ ናት። ታዲያ ገንዘቡን የምታመጣው በቅሎዋ ብቻ ትመስለናለች። ድብዳቡን ማን ያስታውሰዋል?

ድብዳብ ላብ ጠጥቶ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። የጠነከረ ድብዳብ ጀርባ ይልጣል። የተላጠ ጀርባ ላይ ነገም ከተጫነ በቅሎዋ ገጣባ ትሆናለች። ገጣባ በቅሎ ቁስሏ እስኪድን ትቆማለች፤ መብላቷን ግን አታቆምም። ተራዋ ሲደርስ ጎረቤት ይጭናል፣ እናንተ ታያላችሁ። እንግዲህ ቁጠሩት። ድብዳቡን ማታ ማታ ገልብጦ ማስጣት፣ ሲደርቅ በእጅ እያሹ ማለስለስ፣ የረገፈውን ውስጡን መሙላት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ይህን ግማሽ ሰዓት የሰሰተ ሰው የብዙ ሳምንት ገቢ ያጣል። የበቅሎዋ ሥቃይ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሷ አፍ የላትም።

ጠፍርና መጫኛም ቆዳ ነው። ቆዳ በዝናብ ከራሰ በኋላ እሳት ዳር ቢደርቅ ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ በጥላ ይድረቅ፤ ከዚያ ቅባት ይነካ። ቅባት የነካ ቆዳ ደግሞ አይጥ ይወዳል፤ መሬት ላይ አይጣል፣ ይሰቀል። ምራን እንዲህ አይደል የምትይዙት? አባቴ አንድ ዓመት ምራኑን ደጅ ረስቶት፣ በሰኔ ጥማዱ መካከል ሁለት ቦታ ተበጠሰበት። የጎረቤት ምራን ተውሶ እስኪመለስ የቀኑ እርጥበት አለፈው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ምራን ደጅ አድሮ አያውቅም። ለቀንበሩ የምታውቁትን ለኮርቻው አድርጉት ነው የምለው።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ የውጭ እንግዳ ቀረ። ያ ሳያባራ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ውጊያው ዳባት ድረስ ደረሰ። ኮርቻው ሥራ ፈትቶ ተሰቀለ። በዚያ ጊዜ ሰው ነፍሱን ነው የሚያስበው፤ ስለ ኮርቻ ለምን አላሰባችሁም የሚል ሰው ቢመጣ እኔም እቆጣዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ሥራ የፈታ ዕቃ ጠባቂ የማይፈልግ ይመስለናል። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የሚበላሸው። በየቀኑ የሚሠራን ዕቃ ዓይን ያየዋል፣ እጅ ይነካዋል። የተሰቀለውን ብል፣ አይጥና ሻጋታ ብቻ ናቸው የሚነኩት። እንግዳው ድንገት ሲመለስ ኮርቻው በመሰላችሁ ልክ አይጠብቃችሁም። ሥራ ባይኖርም በወር አንድ ቀን አውርዳችሁ እዩት።

አሁን ወደ ወፍጮው ልምጣ። እዚህ ላይ ራሴን እከሳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከ3 ጓደኞቼ ጋር ሆኜ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ገዝተን ነበር። አራታችንም አለቆች ነበርን። አንዱ ብር ይሰበስባል፣ አንዱ ናፍጣ ያመጣል፣ ሁላችንም እንካፈላለን። የሞተሩን ዘይት ማን ይቀይራል? እኔ እሱ ቀይሮታል አልኩ፤ እሱ እኔ ቀይሬዋለሁ አለ፤ ሦስተኛው «ደኅና ይሠራ የለም ወይ?» አለ። እውነትም ደኅና ይሠራ ነበር። በኅዳር፣ ሰው አዲስ እህል ይዞ በተሰለፈበት ቀን፣ ሞተሩ ውስጡ ተቃጥሎ ቀጥ አለ። ሠሪው ፈትቶ ዘይቱን ሲያሳየን እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወፍሮ ነበር። የዘይቱ ዋጋ ከጥገናው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ከብሩ ይልቅ ያዘንኩት እህሉን ተሸክማ መጥታ ተሸክማ በተመለሰችው እናት ነው።

ዘይት ለምን ይቀየራል ብትሉ፣ በሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት እንዳይፋጅ መካከል ገብቶ የሚያንሸራትተው ዘይቱ ነው። ሲሠራ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይሰበስባል። ከዚያ ወዲያ ማንሸራተቱን ትቶ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ብዙ ትንንሽ የናፍጣ ሞተሮች በየ100 ሰዓቱ፣ አንዳንዶቹም እስከ 250 ሰዓት ሠርተው ዘይት ይቀይራሉ። የእናንተ ሞተር ስንት እንደሚል ከመመሪያው አንብቡ፣ ወይም ሠሪውን ጠይቃችሁ ጻፉ። በቀን 5 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 100 ሰዓት ማለት 20 የሥራ ቀን ነው። አዲስ ሞተር ደግሞ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ይፈልጋል፤ አዲስ ብረት ሲተሻሽ ብናኙ ይበዛልና። የአየር ማጣሪያውም፣ ፊልትሮ የምትሉት፣ በወፍጮ ቤት የዱቄት ብናኝ ቶሎ ይደፈናል። እሱ ሲደፈን ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ናፍጣ ይፈጃል፣ ጉልበት ያጣል።

ስለ ጉልበት ካነሣሁ አይቀር፣ የደጋ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሞተር እንደ እኛ አየር ይተነፍሳል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ተራ የናፍጣ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 10 እጅ ያህል ይቀንሳል። ደባርቅ ከ2800 ሜትር በላይ ናት። 20 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር ደባርቅ ላይ ወደ 14 ወይም 15 ወርዶ ነው የሚሠራው። ባለቤቱ ግን 20 ነው ብሎ የ20ውን ይጭነዋል። ከዚያ ቺንጋው ይቃጠላል፣ ኩሽኔታው ይበላል። «የቻይና ዕቃ ነው» ብሎ መሳደብ ይከተላል። ስትገዙ ለደጋው ጨምራችሁ ግዙ፤ የገዛችሁትንም አታጨናንቁት። በውርጭ ጠዋት እንዳስነሣችሁት እህል አትልቀቁበት፤ ትንሽ ባዶውን ይሙቅ።

እናቶቻችን የእጅ ወፍጮ ድንጋይ የሚወቅሩት መቼ ነው? መፍጨት እንቢ ሲል ነው? አይደለም። ዱቄቱ መሻከር ሲጀምር፣ ክንድ ሲከብድ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለውን በድንጋይ ላይ ሲሠሩበት ኖረዋል። ይህን ዕውቀት ሞተር ሲመጣ ለምን እንደጣልነው አላውቅም። ወፍጮ ቤት የሚውለው ወንድ ስለሆነ ይሆን?

አሁን የዘሩን ሒሳብ እንሥራ። ለምሳሌ ያህል ወፍጮው ከነሞተሩ 180,000 ብር ተገዛ እንበል። ደኅና ተይዞ 10 ዓመት ያገለግላል እንበል። 180,000 ለ10 ሲካፈል በዓመት 18,000 ብር ነው። በወር 1,500 ብር ነው። በቀን 50 ብር ነው። እንግዲህ ማታ ብሩን ስትቆጥሩ ናፍጣውን፣ የሠራተኛውን፣ የቤት ኪራዩን ታወጣላችሁ። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ትርፍ አይደለም። ከውስጡ 50ው ብር የወፍጮው ዘር ነው። ዘይት፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ ደግሞ ቀለቡ ነው፤ ከዘሩ ሌላ ነው። ለበሬ ጭድ የሚሰጥ ሰው የበሬውን መተኪያም ማሰቡ አይቀርም። ወፍጮም ሁለቱንም ይፈልጋል።

«ዋጋው በየዓመቱ ይንራል፤ ዛሬ የተቀመጠ 50 ብር ከ10 ዓመት በኋላ ምን ይገዛል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። እኔም መልሱን በሙሉ አላገኘሁትም። ግማሹን ግን አግኝቻለሁ። ማለቁ ለማይቀረው ዕቃ ብር አታስቀምጡ፣ ዕቃውን አስቀምጡ። ቺንጋው ከመበጠሱ በፊት ሁለተኛው ቺንጋ ተገዝቶ ግድግዳው ላይ ይሰቀል። ኩሽኔታውም እንደዚሁ። ደባርቅ ያልተገኘ መለዋወጫ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ጎንደር ነው የሚፈለገው። ወፍጮው የቆመበትን ቀን፣ የመኪናውን፣ የምሳውን ደምሩበት። ጭራሽ መለዋወጫው ጎንደርም የማይገኝ ሞተር በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ ሁለት ጊዜ አስቡ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ አትሁኑ።

ሌላው ጠላት ድግስ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የወፍጮውን ዘር የሚበላው ብዙ ጊዜ ሌባ አይደለም። ሠርግ ነው፣ ተዝካር ነው። ብሩ ከቤት ካለ ይነካል። ከቤት አውጥታችሁ በቁጠባ ደብተር አስገቡት።

የማኅበር ዕቃ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከሰሐራ በታች ባሉ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ፣ ከ3 የእጅ ውሃ ፓምፖች አንዱ ያህል እንደማይሠራ አሳይቶ ነበር። በእኛም ገጠር የተተከለው አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ የመንደር ሰው በአንድ መፍቻ ፈትቶ እንዲጠግነው ተብሎ የተሠራ ነው። መፍቻው ማን ጋ ነው ያለው? ብዙ ቦታ ፓምፑን ያቆመው የዚህ ጥያቄ መልስ መጥፋት ነው። እኛንም አራታችንን ያቃጠለን ይኸው ነው። ስለዚህ በማኅበር ዕቃ ላይ «ሁላችንም እንጠብቀው» የሚል ውሳኔ አትወስኑ። የአንድ ሰው ስም ይጻፍ። ለድካሙ ይከፈለው። መክፈል የሚያሳዝናችሁ ከሆነ የሞተሩን ዋጋ አስታውሱ።

ይጻፍ አልኩ። ማንበብና መጻፍ የጀመራችሁት አሁን ነውና ደብተር የተማሪ ብቻ አይምሰላችሁ። አንድ የ50 ገጽ ደብተር ለወፍጮው ወይም ለበቅሎዋ ስጧት። በላይዋ ስሟን ጻፉባት። በአንዱ ዓምድ ቀኑን፣ በሁለተኛው የተሠራውን፣ በሦስተኛው የወጣውን ብር፣ በአራተኛው ቀጣዩን ቀን። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም፤ ሞተሩ አያነበውም፣ የሚያነበው ልጃችሁ ነው። የእኛ ሁለተኛው ወፍጮ ደብተር በሚስማር በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እርሳሱም በክር ታስሯል፤ ሳይታሰር ሁለት ጊዜ ጠፍቶብናልና። የዛሬው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ዘይት ተቀየረ። ፊልትሮ ተራገፈ። ቺንጋ ላልቷል፣ ሰኞ ይጠበቅ።»