ፊርማው የወጣት፣ ልምዱ የአንጋፋ

በዚህ ዓመት የጤና መኮንንነት ትምህርታችንን ከምንፈጽመው ብዙዎቻችን ገና ደመወዝ መቁጠር ሳንለምድ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች እንሆን ይሆናል። ከምናዛቸው ሠራተኞች መካከል አባትና እናት የሚሆኑን አይጠፉም። ስለ በሽታ ብዙ ተምረናል፤ እነዚህን ሰዎች እንዴት እንደምናዝ ግን ማንም አልነገረን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ወባ የደንቢያን ሕዝብ ከፈጀው በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን እያሠለጠነ ወደየአውራጃው ሲልክ፣ ወጣቱ መኮንን ከቁስል አጣቢነትና ከመርፌ ወጊነት ጋር ዕድሜውን ካሳለፈው ድሬሰር ጋር ይገናኝ ነበር። ድሬሰሩ ዲፕሎማ ባይኖረውም የትኛው መንደር በክረምት በወንዝ እንደሚቆረጥ፣ የትኛዪቱ እናት ባሏ ካልፈቀደ እንደማትመጣ ያውቅ ነበር። ዛሬ በእርሱ ቦታ ሃያ ዓመት ያገለገሉ ነርሶችና አዋላጆች አሉ።

አንጋፋ ሠራተኛ በወጣት አለቃ ፊት ብድግ ይላል፣ «እሺ» ይላል፣ ስሕተት ሲያይም ዝም ይላል። አለቃው ዝምታውን አክብሮት ብሎ ከቆጠረው ተታለለ። ምናልባት «ይበለው» ማለት ነው፤ ዕዳው የሚወድቀው ግን በበሽተኛው ላይ ነው። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የኃላፊው ግዴታ ነው።

ሽበት ሁሉ ዕውቀት ነው አላልሁም። ያለ ጓንት ቁስል የሚያጥብና «እኛ ስንሠራ የኖርነው እንዲህ ነው» የሚልም አለ። ይህን ሰው ለዕድሜው አፍሮ ማለፍ ፈሪነት ነው። በበሽተኛ ፊት ማዋረድም ብልግና ነው፤ ለብቻ ጠርቶ አንቱ እያሉ መከልከል ይቻላል።

ከሁሉ የሚከፋው የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነው። በቦታው ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ የሃያ ዓመት ሠራተኛን ነጥብ ይሞላል፤ ነጥቡም ለደረጃ ዕድገት ይታያል። ብዙዎቹ ከእኛ ያነሰ የተማሩት በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ሩቅ ስለ ነበረ መሆኑን ማን ያስብላቸዋል? ለተጨማሪ ትምህርት ዕድል ሲመጣ አለቃው የራሱን ስም ካስቀደመ ቅሬታቸው ፍትሐዊ ነው።

እንግዲህ ማኅበራችን ለመምህራኑ አንድ ጥያቄ ያቅርብ። ለተግባር ልምምድ ስንወጣ የመጀመሪያውን ወር በአንዲት አንጋፋ ነርስ ሥር እንመደብ፤ የወሩንም ነጥብ እርሷ ትስጠን።