ታርጌት ሰጪውንስ ማን ይጠይቀው?

የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ ለዓመታት የሽያጭ ግቡን የገለጸው በአንድ ቁጥር ነበር፤ ስምንት። እያንዳንዱ ደንበኛ ከባንኩ ስምንት ዓይነት አገልግሎት እንዲወስድ ይፈለግ ነበር። ተንቀሳቃሽ ሒሳብ፣ የቁጠባ ሒሳብ፣ ክሬዲት ካርድ፣ የቤት ብድር እየተባለ እስከ ስምንት ይቆጠራል። ለምን ሰባት ወይም ዘጠኝ አልሆነም? የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጆን ስታምፍ በባንኩ የ2010 እ.ኤ.አ. ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ቀልድ ይመስላል፤ በእንግሊዝኛ «ኤይት» ከ«ግሬት» ጋር ቤት ስለሚመታ ነው አሉ።

ላይ ቤት የመታው ቁጥር ታች ሲወርድ ሰው መታ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ዐቃቤ ሕግ በ2015 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው፣ የእያንዳንዱ ቅርንጫፍና የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሽያጭ በቀን አራት ጊዜ ለአካባቢው ኃላፊዎች ይቀርብ ነበር። የዛሬው ጉድለት በነገው ታርጌት ላይ ይደመራል። ጃንዋሪ ሲመጣ ደግሞ ልዩ ዘመቻ ስለሚታወጅ፣ በዲሴምበር የተገኘውን ደንበኛ ለዘመቻው ብሎ የሚያቆይ ሠራተኛ ነበር። ሎስ አንጀለስ ታይምስ በ2013 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ፣ አንዲት መጠለያ የሌላት ሴት በአንድ ቅርንጫፍ አግባብተዋት ስድስት ሒሳብ ከፍታ ተገኝታለች። የስድስቱ ሒሳቦች የአገልግሎት ክፍያ በድምሩ በወር 39 ዶላር ነበር። ሴትየዋ የምታድርበት የላትም፤ ለቅርንጫፉ ግን ስድስት ሽያጭ ናት።

መጨረሻው የታወቀ ነው። በሴፕቴምበር 2016 ተቆጣጣሪዎችና የከተማው ዐቃቤ ሕግ ባንኩን 185 ሚሊዮን ዶላር ቀጡት። ደንበኛው ሳያውቅ ተከፍተው ሊሆን ይችላል የተባሉት ሒሳቦች መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ 3.5 ሚሊዮን ከፍ አለ። በ2018 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዌልስ ፋርጎ ሀብት ባለበት እንዲቆም አዘዘ፤ ያ ገደብ የተነሣው ከሰባት ዓመት በኋላ በጁን 2025 ነው። በ2020 ደግሞ ባንኩ ከመንግሥት ጋር በ3 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የቅጣቱ ቅደም ተከተል ነው። ጉዳዩ አደባባይ እስኪወጣ ድረስ ባሉት አምስት ዓመታት ባንኩ ከዚሁ ጋር በተያያዘ 5,300 ያህል ሠራተኞችን አሰናብቷል። በየዓመቱ ሰው ይባረራል፤ ታርጌቱ ግን ባለበት ይቀጥላል። ስታምፍ የለቀቁት በኦክቶበር 2016፣ የ17.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣትና ከባንክ ሥራ የመታገድ ውሳኔ የመጣባቸው በ2020 ነው። የችርቻሮ ባንኩን ትመራ የነበረችው ካሪ ቶልስቴድ ፍርድ ቤት የፈረደባት በ2023 ሲሆን፣ እሱም የሦስት ዓመት የአመክሮ ጊዜ ነበር። ከታች ያለው በወሩ ተጠየቀ፤ ከላይ ያለው በዓመታት ውስጥ።

ስለ ሽያጭ ስኬት የሚሰጡ ሥልጠናዎችም ሆኑ መጻሕፍት ስለ ተጠያቂነት ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚያዩት ሻጩን ነው። ግብህን ጻፍ፣ በየቀኑ ራስህን ጠይቅ፣ ለአለቃህ ሪፖርት አድርግ ይላሉ። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ግን ግማሽ ነው። ቁጥሩን ያወጣው ሰው ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው፣ ሻጩ ቁጥሩን እንዲያሟላ ምን እንዳቀረበለት የሚጠየቅበት መድረክ ከሌለ፣ ያ ተጠያቂነት ሳይሆን ማስፈራራት ነው።

ይህ ማለት ታርጌት ይቅር ማለት አይደለም። ግልጽና ከበድ ያለ ግብ ሥራን እንደሚያሻሽል ከበቂ በላይ ማስረጃ አለ። ከቀደሙት ጥናቶች አንዱ በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመው የጋሪ ሌተምና የባልደረባው ሥራ ነው። ጥናቱ የተደረገው በኦክላሆማ ግንድ በሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ላይ ነበር። መኪኖቹ ሕጉ ከሚፈቅደው ክብደት 60 በመቶ ገደማ ብቻ ጭነው ይመላለሱ ነበር፤ «የተቻላችሁን አድርጉ» የሚለው ምክር የለወጠው ነገር አልነበረም። ከዚያ ከሕጉ ጣሪያ ዝቅ ያለ አንድ ቁርጥ ያለ ግብ ተሰጣቸው፤ 94 በመቶ።

ከግቡ ጋር ግን ቃል ተገባላቸው። ተጨማሪ ምልልስ አይጠየቁም፤ ጭነቱ ከፍ ብሎ መልሶ ቢወርድም ማንም አይቀጣም። በመጀመሪያው ወር ጭነቱ ወደ 80 በመቶ ወጣ። በሁለተኛው ወር ወደ 70 በመቶ ወረደ። ሾፌሮቹ አለቆቹ ቃላቸውን ይጠብቁ እንደሆነ እየፈተኑ ነበር። የተቀጣ ሰው እንደሌለ ሲያዩ በሦስተኛው ወር ከ90 በመቶ በላይ ደረሱ፤ እዚያው ላይም ቆዩ። ተጨማሪ ክፍያ አልነበረም፤ ኩባንያው ግን በዘጠኝ ወር ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ያህል ማዳኑን አስልቷል። በሁለተኛው ወር አንድ ቁጡ ኃላፊ ሁለት ሾፌር ቢያባርር ኖሮ ሦስተኛው ወር እንዲያ ባልሆነ ነበር።

ቁጥር ሰጪው የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ማቅረቡ አዲስ ነገር አይደለም። የሽያጭ ኮታን ዛሬ በምናውቀው መልክ ካስለመዱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ጆን ፓተርሰን ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ዴይተን ከተማ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን የሚሠራ አንድ ትንሽ ኩባንያ ገዛና ናሽናል ካሽ ሬጅስተር አለው። ለእያንዳንዱ ሻጭ የራሱን የሽያጭ ክልል ሰጠ፤ በዚያ ክልል ውስጥ ሌላ የኩባንያው ሻጭ ገብቶ አይሸጥበትም። ኮታውን ከክልሉ የገበያ አቅም ጋር አያያዘ፣ ሥልጠና አዘጋጀ፣ ኮታውን ያሟላውን በክብር አባልነት ሸለመ። ሻጩ ቁጥር ከመጠየቁ በፊት ኩባንያው ክልል፣ ሥልጠናና ማሽን አቅርቦለታል። ከፓተርሰን ሥር የተማረው ቶማስ ዋትሰን ይህንን ልማድ ይዞ በኋላ አይቢኤም ለተባለው ኩባንያ አወረሰ።

ፓተርሰን ግን ለሻጮቹ ያወጣው ሥርዓት ተፎካካሪን በምን መንገድ ማሸነፍ እንደሚፈቀድ ልጓም አልነበረውም። በ1913 እርሱ፣ ዋትሰንና ሌሎች ኃላፊዎች ተፎካካሪዎችን ከገበያ በሕገ ወጥ መንገድ አስወጥታችኋል ተብለው ተፈረደባቸው። ፍርዱ ከሁለት ዓመት በኋላ በይግባኝ ተሻረ።

ዝቅ ያለ ታርጌትም የራሱ ጣጣ አለው። በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ሮስ ፔሮ የ1962ን የዓመት ኮታውን ጃንዋሪ 19 ቀን ላይ ጨረሰ። ኩባንያው የሻጭን ገቢ በጣሪያ የገደበ በመሆኑ ለቀሪዎቹ አሥራ አንድ ወራት የሚያተጋው ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ለቅቆ በ1,000 ዶላር የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ ኋላ ቢሊየነር ሆነ። ቁጥሩን ያወጣው ሰው እዚህም ተሳስቷል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ኩባንያው ነው።

ወደ ሀገር ቤት ስንመጣ ነገሩ በደንብ የሚታየው ባንክ ቤት ነው። ሰኔ ሲገባደድ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ስልክ አያርፍም። «ጋሼ፣ እባክዎ ይህችን ሳምንት ብቻ እኛ ጋ ትደር፤ ሐምሌ ሲገባ ያወጡታል» ይላል፤ ነጋዴው ጋሼ ደግሞ ነገ ብድር ወይም የውጭ ምንዛሪ ሊጠይቅ ስለሚችል እሺ ይላል። ገንዘቡ ከአንዱ ባንክ ወጥቶ ሌላው ይገባል። ቅርንጫፉ የተቀማጭ ታርጌቱን መታ ይባላል፣ ሪፖርቱ ያምራል፣ ሐምሌ ሲገባ ብሩ ይወጣል።

ጉዳቱ እዚያ ላይ ቢቆም ባልከፋ። የሚመጣው ዓመት ታርጌት የሚሰላው ግን የአምናውን ክንውን መነሻ አድርጎ በላዩ ላይ መቶኛ በመጨመር ነው። ለአንድ ሳምንት በእንግድነት የከረመው ገንዘብ መነሻ ይሆንና ሥራ አስኪያጁ በራሱ ብልሃት ራሱን ያጠምዳል። ታች ያለው ገንዘብ ቆጣሪም ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ በጥቂት ብር ሒሳብ ያስከፍታል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሒሳብ ማንም ገንዘብ አያስገባም፣ አያወጣም። ባንኩ ግን ደንበኞቼ በዙ ብሎ ያስተዋውቃል።

በሌላውም ዘርፍ መልኩ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የለስላሳና የሳሙና አከፋፋይ ወር ሊያልቅ ሲል ሸቀጡን በዱቤ ሱቅ ላይ ያራግፋል፤ ባለሱቁ ሳይሸጥለት ሲቀር ዕዳው በሚቀጥለው ወር ጸብ ሆኖ ይመጣል። የኢንሹራንስ ወኪል ፖሊሲውን ሸጦ ኮሚሽኑን ይወስድና አደጋ ሲደርስ ደንበኛው የሚያናግረው ሰው ያጣል። ሁሉም ቁጥሩን አሟልተዋል፤ በየግምገማውም ተጨብጭቦላቸዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ ሻጩ የሚጠየቅበት ነገር በእጁ ያለ ነገር ይሁን። ደንበኛ መግዛት አለመግዛቱ በሻጩ እጅ አይደለም፤ መሄዱ፣ መደወሉ፣ ተመልሶ መጠየቁ፣ የተባለውን መጻፉ ግን በእጁ ነው። አንድ የቢሮ ዕቃ ሻጭ ካነጋገራቸው አሥር ድርጅቶች አንዱ ይገዛዋል እንበል። በወር አራት ሽያጭ ከፈለገ አርባ ድርጅት ማነጋገር አለበት፤ በሳምንት አሥር ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት አለቃው «ስንት ሸጥክ?» ከማለቱ በፊት «አሥሩን አነጋገርክ ወይ? እምቢ ያሉት ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቀው። አሥሩን ሳያነጋግር የቀረ ሻጭ ምክንያት የለውም፤ ይወቀስ። አሥሩንም አነጋግሮ በተከታታይ ሳምንታት ምንም ካልሸጠ ግን ችግሩ ዋጋው፣ ዕቃው ወይም ቁጥሩ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መልስ መስጠት ያለበት አለቃው ነው።

ሁለተኛ፣ ኮሚሽን በተፈረመ ቀን ሁሉም አይከፈል። ሒሳቡ ከሦስት ወር በኋላ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ፣ ባለሱቁ ዕዳውን ከፍሎ እንደገና ካዘዘ፣ ቀሪው ያን ጊዜ ይከፈል። በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቀን የተገኘውን ተቀማጭ ከመቁጠር የዓመቱን አማካይ መቁጠር ቢለመድ የሰኔው የስልክ ልመና ትርጉም ያጣ ነበር።

አለቆች ይህን ሲሰሙ የሚያነሡት መከራከሪያ አለ፤ ሰው ጫና ካልበዛበት ይተኛል፣ ባለአክሲዮንም ትርፍ እንጂ ምክንያት አይሰማም ይላሉ። የሚተኛ ሠራተኛ መኖሩ እውነት ነው፤ ሳምንታዊው ጥያቄ የሚያጋልጠው ደግሞ እርሱን ነው። በሰኔ ገንዘብ ለምኖ ቁጥር የሚሞላውን ሰነፍ ግን የዓመቱ መጨረሻ ግምገማ አያጋልጠውም፤ ይሸልመዋል።

ቁጥርን በአደባባይ ማቅረብ እንደሚቻል ከቅርቡ ማየት ይቻላል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቀረበ፤ ሁሉም ቢሸጥ 30 ቢሊዮን ብር ነው። ጊዜው ተራዝሞ በየካቲት ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ገንዘቡም 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ መሆኑ ተነገረ። ከታሰበው አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ ይህ በወቅቱ ለብዙ ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዙን የሚፈጅ ገንዘብ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ መመርመር ያለበት የሻጩ ትጋት ብቻ አይደለም፤ ዝቅተኛው ግዢ፣ ጊዜውና ግቡ ራሱ ነው። ዕቅዱም ውጤቱም ለሕዝብ በመነገሩ ግን ማንም ሰው ሁለቱን አስተያይቶ መጠየቅ ይችላል። ብዙ የግል ድርጅቶች ይህን ያህል እንኳ ለራሳቸው ሠራተኞች አይናገሩም።

ስለዚህ ጥያቄው ለቦርድ አባላትና ለሥራ አስኪያጆች ነው። የሚመጣውን ዓመት ታርጌት ለቅርንጫፍና ለሻጭ ከማከፋፈላችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። ቁጥሩ ከየትኛው የገበያ መረጃ እንደመጣ፣ ድርጅቱ ለሻጩ ምን ዕቃ፣ ምን ዋጋ፣ ምን ሥልጠና እንደሚያቀርብ፣ ቁጥሩ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ በስንተኛው ወር ማን እንደሚያርመው ይስፈርበት። ከታችም ያ የቁጥሩ ባለቤት የሆነው ኃላፊ ስሙን ጽፎ ይፈርም። ሻጩም ታርጌቱን ሲቀበል ያንን ገጽ አብሮ ይጠይቅ።