ሰው ያጣው መፃጉዕ በሰፈራችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ «መፃጉዕ» ይባላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈውን፣ 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው የምናስብበት ሰንበት ነው። ጌታችን መዳን ይወድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ሰውየው ስለ ሕመሙ ጽናት አልተናገረም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የመለሰው። በዚያ ስፍራ ብዙ ሕዝብ ነበረ። ይህን ሁሉ ዘመን በሰው መካከል ተኝቶ ሰው ማጣት! በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለው ሽባ ግን ጣሪያ ነድለው የሚያወርዱት አራት ሰዎች ነበሩት፤ ጌታም እምነታቸውን አይቶ ማረው።

በአቃቂ ቃሊቲ ከእነዚህ ከሁለቱ ሕሙማን የትኛው እንደሚበዛ እንመርምር። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤች አይ ቪ ታክመው የሚሰናበቷቸው ሳይሆኑ አብረዋቸው የሚኖሩ ደዌዎች ናቸው። እኛ ደግሞ ለድንገተኛ ሕመም ጎበዞች ነን፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። (ለስኳር ታማሚ ለስላሳና የታሸገ ጭማቂ ይዞ የሚሄደው ጠያቂ ግን ቢያስብበት መልካም ነው።) በአሥረኛው ዓመት የሚያንኳኳ የለም። ብዙው እድርም ድንኳኑን የሚተክለው በቀብር ቀን ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ የመጡ ቤተሰቦች ከቤታቸው ጋር የቀድሞ ጎረቤታቸውንም ትተው ነው የመጡት። ግማሽ አካሏ የማይታዘዝላት እናት ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብትኖር፣ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ትሰማለች እንጂ የሚያወርዳት ከሌለ አትመጣም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሰው ኖሮ ሰውየው ራሱ መሰናክል ሲሆን ነው። በፍቅርም ሆነ ባለማወቅ «ጠበል ከጀመርህ መድኃኒቱን ተወው» የሚሉ ዘመዶችና ወዳጆች አሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መታደል ሲጀምር፣ በእንጦጦ ጠበል ከተሰበሰቡት ሕሙማን መካከል መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ለሕዝብ በይፋ አስረዱ። ነገሩ አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ተጽፏል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ይህ ሁሉ እያለ ዛሬም ለሁለት ሱባዔ ወደ ጠበል የሚሄድ የግፊት ታማሚ መድኃኒቱን እቤት ትቶ ሲወጣ ቤተሰቡ ዝም ብሎ ይሸኘዋል። ግፊት ሳያሳምም የሚጎዳ ሕመም ስለሆነ «ተሽሎኛል» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። እውነተኛ ወዳጅ መድኃኒቱን ከነጠላው ጋር ይቋጥርለታል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ክፉኛ ለደከመና ሐኪም ፈሳሽ እንዲቀንስ ላዘዘው ሰውም በጆግ ሙሉ ጠጣ ብሎ ማስጨነቅ አይገባም፤ ጉንጭ ጠበልም ጠበል ነው።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ የታመመውን ከጤነኛው ለይቶ ያያል። ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው በደሙ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አእምሮው ይደናገራል፣ ይወድቃል። ይህ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን «ርኩስ መንፈስ ያዘው» የሚል አይጠፋም። መዋጥ ከቻለ በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ይሰጠዋል፤ ራሱን ከሳተ ግን ምንም በአፉ ሳይጨምሩ ወደ ሕክምና ማድረስ ይገባል። ይህን የቤቱ ልጆች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። ታማሚው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ በማዕድ ዙሪያ በዓይን የሚገሥጹት ዘመዶች ከዚህ ምክር ውጪ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ በበለጸጉት ሀገራት እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ሰዎች በአግባቡ የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አመልክቶ ነበር። ስለዚህ ሀብት ብቻውን አይበቃም። በአፍሪካችን በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች እስከ ስድስት ሆነው ተቧደኑ፤ በየተራ አንዱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ የሁሉንም መድኃኒት ያመጣል፣ ቀሪዎቹም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ተራ ገብቶ ጽዋ ማቅረብን ማን ያስተምረናል?

እንግዲህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክፍል በበዓላት ከሚያደርገው ጉብኝት ሌላ፣ በየሰፈሩ ያሉትን ሕሙማን በፈቃዳቸው፣ ምስጢራቸውን ጠብቆ ይመዝግብ እላለሁ። ለአንድ ሕመምተኛ አራት ወጣቶች ይመደቡ፤ አንዱ በቀጠሮው ቀን ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም ወደ ጤና ጣቢያው ይሸኘው፣ አንዱ መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ያስታውሰው፣ ሁለቱ በሰንበት ከፎቁ ያውርዱት። ምደባው ለአንድ ወር ሳይሆን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይሁን፤ መተካካቱም ተራ በተራ እንጂ አራቱም በአንድ ጊዜ አይሁን። ምዝገባው ከመጪው የመፃጉዕ ሰንበት አስቀድሞ ቢጀመር፣ በዚያው ዕለት የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን ወደ ቅዳሴ ማምጣት ይቻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።