ኖራ ተደፋ ማለት አፈሩ ዳነ ማለት ነው?

ሳንጃ ተቀምጬ ስለ አቃቂ አፈር ስጽፍ «ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኛ ሰሊጥና ጥጥ እንጂ የቆዳ ፋብሪካ የለንም። ግን እዚያም ያለው እንደኛው ዋልካ ነው፤ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት እግር የሚይዝ። ለዚያ አፈር የሚሰጠው መድኃኒት ነገ ለኛም ሊታዘዝ ይችላል።

በአቃቂ ወንዞች ዳር የሚበቅለው ቆስጣና ሰላጣ ለዓመታት የፋብሪካ ፍሳሽ ሲጠጣ ኖሯል። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች ያለውን የብረት መጠን መርምረው ለጤና አስጊነቱን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ተጀመረ። ዳርቻው ይመር፤ የኔ ጥያቄ ከሣሩ ሥር ስላለው አፈር ነው።

አፈሩን ዝቆ ማውጣት ውድ ነው፤ ደግሞስ የት ይደፋል? ስለዚህ ብረቱን እዚያው «ማሰር» ይመረጣል። ኖራን የጎጃም ገበሬ ለአሲዳማ መሬቱ ያውቀዋል። ይኸው ኖራ የአፈሩን አሲድ ሲቀንስ ካድሚየምና እርሳስ (የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ) በውሃ የመሟሟት ዕድላቸው ይቀንሳል፣ ሥርም በቀላሉ አይስባቸውም። ፎስፌት ደግሞ እርሳስን ወደማይሟሟ ማዕድን ይለውጠዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብረቱ አልወጣም። ከሕክምናው በፊትና በኋላ ጠቅላላ መጠኑን ብትለኩ ያው ነው። «ኖራ ተደፍቷል» የሚል ሪፖርትም ስለ ወጪው እንጂ ስለ ውጤቱ አይነግረንም። መለካት ያለበት አፈሩ ቀለል ባለ አሲድ ሲዘፈዘፍ የሚለቀው መጠን ነው፤ ቆስጣው ውስጥ የገባው ነው፤ አፈር የዋጠ ሕፃን ጨጓራ ውስጥ የሚሟሟው ነው።

ሁሉም ብረት ለአንድ መድኃኒት አይታዘዝም። ፎስፌት እርሳስን ሲይዝ አርሴኒክን ሊለቅ ይችላል። ከክሮሚየም ዓይነቶች መርዛማው፣ ባለ ስድስቱ የሚባለው፣ ለኖራ አይበገርም፤ አስቀድሞ እንደ ብረት ሰልፌት ባለ ነገር መለወጥ አለበት። አፈሩ ተመልሶ አሲዳማ ከሆነም የታሰረው ይፈታል።

ስለዚህ ምርመራው በርክክብ ቀን አያልቅም፤ ክረምት በወጣ ቁጥር መደገም አለበት። ከታከመው ማሳ ጎን ደግሞ ያልታከመ መደብ ተትቶ ያው ቆስጣ ይዘራበት፤ ለገበያ ሳይሆን ለላቦራቶሪ። እሱ ከሌለ ልዩነቱን በምን እናውቃለን?