ስትሮክ የመታውን እጅ የሚመልሰው ማሽን ነው ወይስ ልምምድ?

ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ ወይም ሞያሌ ሆናችሁ፣ ስትሮክ ለመታው አባታችሁ «ጭንቅላት ላይ የሚሰጥ ኤሌክትሪክ» ፍለጋ ከብት ለመሸጥ ካሰባችሁ ቆም በሉ።

ሕክምናው በጭንቅላት ቆዳ ላይ በሚደረጉ ኤሌክትሮዶች ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚሆን ደካማ ኤሌክትሪክ፣ ብዙውን ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል መስጠት ነው። ኤሌክትሪኩ እጅን አያንቀሳቅስም፤ አንጎል ከልምምድ የበለጠ እንዲማር ያግዛል ተብሎ ነው የሚሞከረው። የጥናቶቹ ውጤትም እስካሁን አንድ ዓይነት አይደለም።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ለፊዚዮቴራፒ አውሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በከንቱ አይለፉ። ባዶ ሲኒ ማንሳት፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ በየቀኑ ደጋግሞ። አዝናችሁ ሁሉን አታድርጉለት፤ በደከመው እጁ ይሞክር። የግፊት መድኃኒቱንም አያቋርጥ።

ቤት ውስጥ በባትሪ መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ቆዳ ያቃጥላል።