በረዶ ሳይኖር የዛገው ፒክአፕ

እዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ፍቅርና ትዳር፣ ስለ ኩርፊያና እርቅ ነው። ዛሬ ግን ጨዋታችን ስለ መኪና ሆኗል። «እኛ መኪና የለንም፣ ምን አገባን!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ዛሬ የሌላችሁ ነገ ትገዙ የለ? ደግሞስ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ የኅሊና ጉዳይ ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከወደ ሰቆጣ ነው። ጠያቂዬ ስሙ እንዳይነሳ ለምኖኛል፤ አላነሳም። እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ የዚህ ገጽ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 27 ነው። ከአጎቴ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያረጀ ፒክአፕ ከገዛን 3 ዓመታችን ነው። እሱ በሬዎቹን ሸጦ ነው ያዋጣው። ሥራዬ ከሰቆጣ ጨውና ሸቀጣ ሸቀጥ ጭኜ ወደ ዝቋላ ወረዳ፣ ፅፅቃ ገበያ ማድረስ ነው። ስመለስ ሰው እጭናለሁ። አሁን ታዲያ የካሶኒው ወለል ተበሳሳ። ከሥሩ ገብቼ ሳየው ደግሞ ሻንሲው እንደ እንጨት ቅርፊት ይላጣል። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ብነግረው የራሱን ፒክአፕ ፎቶ ላከልኝ፤ የሱም ከሥሩ ልክ እንደኔው ነው! ‹የኔን በረዶ በላው፣ ያንተንስ ምን በላው?› ብሎ ሳቀብኝ። እኛ አገር እንዲህ ያለ በረዶ የለም። ዝናቡም ቢሆን ሐምሌና ነሐሴ መጥቶ ይሄዳል። ባለ ጋራዡ ‹ስቱኮ ሞልተን፣ ከሥር ካትራሜ ቀብተን፣ ቀለም እናስነካውና ሽጠው› ይለኛል። ገዢም ተገኝቷል። የዝቋላ ልጅ ነው፤ ዓረብ አገር ያለች እህቱ ለፍታ በላከችለት ብር ሊገዛኝ ነው። አጎቴ ‹ምን ትጠብቃለህ?› ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይሻለኛል? ይምከሩኝ።»

ለከተማ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ላስታውስ። ዝቋላ ሲባል ደብረ ዘይት አጠገብ ያለው የአቦ ተራራ እንዳይመስላችሁ። ይኼኛው ዝቋላ በዋግ ኽምራ፣ ከተከዜ ሸለቆ ዳር ያለ ቆላ ወረዳ ነው። መንገዱ ቁልቁለትና ዳገት ነው። ይቺን ቁልቁለት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የወንድምህን ጥያቄ ልመልስልህ። የሱን ፒክአፕ የበላው በረዶ አይደለም። በረዶ ብቻውን ብረት አይበላም፤ እንዲያውም ቅዝቃዜ ዝገትን ያዘገየዋል። የበላው ጨው ነው! ያንተንም የበላው እሱው ነው። ሁለታችሁም ሌባው አንድ ነው፣ የገባበት በር ነው የተለያየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ አገር በክረምት በረዶው አስፋልቱ ላይ ግግር ብሎ መኪና ስለሚያንሸራትት፣ መንግሥት በትላልቅ መኪና ጨው እየጫነ መንገድ ላይ ይበትናል። ጨው የገባበት ውሃ እንደ ሌላው ውሃ በ0 ዲግሪ አይረጋም፤ በጣም ጨዋማ ከሆነ ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ግግሩ ይቀልጣል፣ ሰውም ሳይንሸራተት ሥራው ይሄዳል። ግን ያ ጨዋማ ጭቃ በጎማ እየተረጨ በመኪናው ሆድ ሥር፣ በሻንሲው ቀዳዳ፣ በየስንጥቁ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ መብላት ነው።

ብረት የሚዝገው ውሃና አየር ሲያገኘው ነው። ጨው ሲጨመር ውሃው ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍ ይሆናል፤ ያኔ ብረቱ እንደ ባትሪ ድንጋይ እየተበላ ይሄዳል። ሌላም ክፋት አለው፤ ጨው እርጥበት ይጠራል። አየሩ 75 በመቶ ገደማ እርጥበት ካለው፣ ዝናብ ባይዘንብም ጨው ከአየር ላይ ውሃ ስቦ ይረጥባል። እናታችሁ ጓዳ ያለው ጨው በክረምት ውሃ ሲቋጥር አላያችሁም? እሱው ነው። ንጹሕ ብረት በፀሐይ ሲደርቅ ያርፋል። ጨው ያለበት ብረት ግን ዕረፍት የለውም።

ይህ የተራ ሰው መኪና ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቶዮታን የመሰለ ስመ ጥር ኩባንያ እንኳ አሜሪካ ውስጥ ጉድ ታይቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩ ታኮማ የተባሉ ፒክአፖች ሻንሲያቸው በዝገት እየተበሳ ሲያስቸግር፣ የባሰባቸውን የዋጋቸውን አንድ ተኩል እጥፍ እየከፈለ ከባለቤቶቹ መልሶ ገዝቷል። በ2016 ደግሞ በኋላ የተሠሩ ወደ 1 ሚሊዮን ተኩል የሚጠጉ መኪኖችን በሚመለከት ክስ፣ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያስወጣ ይችላል በተባለ ስምምነት ጉዳዩን ዘግቷል። አያችሁ? ዝገት ስም አይፈራም።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንመለስ። ሰቆጣና ጨው የቆየ ትውውቅ አላቸው። ከአፋር ዝቅተኛ በረሃ እየተቆረጠ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ተራራውን ሲወጣ፣ ሰቆጣ ከዋና ዋና መናኸሪያዎቹ አንዷ ነበረች። አሞሌ በዚያ ዘመን ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር፣ ዕቃ ይገዛበት ነበር። ነጋዴው አሞሌው በዝናብ ሟሙቶ እንዳያልቅበት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር። ያኔ ውሃ የጨው ጠላት ነበር። ዛሬ ግን በፒክአፕህ ሥር ጨውና ውሃ ተሻርከው ብረትህን ነው የሚበሉት።

ዋግ ደረቅ አገር ነው፤ ጨው ያልጫነ መኪና እዚያ ብዙ ዓመት ሳይዝግ ይኖራል። አንተ ግን ጨው ትጭናለህ። ጆንያው ይፈሳል፣ ዱቄቱ በካሶኒው ወለል ስንጥቅ ይገባል፣ ከዚያ ሻንሲው ላይ ይወርዳል። በጋውን ተኝቶ ይከርማል። ሐምሌ ሲመጣ ጭቃና ዝናብ ይቀሰቅሰዋል። 3 ክረምት አለፈ ማለት 3 ጊዜ በላህ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብልሃቱ ውድ አይደለም፣ ጉልበትና ልማድ ነው የሚጠይቀው።

አንደኛ፣ ጨው ስትጭን ከጆንያው በታች ላስቲክ ወይም ሸራ አንጥፍ። ስታራግፍ ደግሞ አንሳው! እዚያው ከተውከው ከሥሩ እርጥበት ይዞ ይብሳል።

ሁለተኛ፣ ጨው በጫንክበት ቀን መጀመሪያ በደረቁ በመጥረጊያ ጥረግ፣ ቀጥሎ እጠብ። ብዙ ሰው ላባጆ ገብቶ ኮፈኑንና በሩን አሳምሮ ይወጣል፤ ሆዱን ማንም አያየውማ! የሚታጠበው ሆዱ ነው። ፓራፋንጎውን ከውስጥ፣ ባሌስትራው የተያዘበትን፣ ሻንሲውን ከውጭም ከውስጥም። «ውሃ የት አለ?» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው፣ ውሃ ብርቅ ነው። ግን ጨው በቀዝቃዛ ውሃ ያለ ሳሙና ይሟሟል፤ 1 ሊትር ውሃ እስከ 350 ግራም ጨው ያሟሟል። ጥቂት ጀሪካን ውሃ በመርጫ አድርገህ ከሥር ብትረጨው ይበቃሃል። መርጫው መድኃኒት ያልነካው ይሁን። ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪወርድ እጠብ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ ዳብሰህ አትተወው፤ ጨውን አርጥቦ መተው ካለመንካት ይከፋል።

ሦስተኛ፣ አድርቀው። የበሮቹ ታች ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለ፤ ጭቃ ስለሚደፍነው በሽቦ ክፈተው። የካሶኒውን መዝጊያ ከፍተህ ፀሐይ ላይ አቁመው። ሚኒሶታ ላለው ወንድምህም ንገረው፦ ጨዋማ በረዶ የያዘ መኪና ሳይታጠብ ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ አስገብቶ ማሳደር ለዝገት ድግስ መደገስ ነው። በረዶው ይቀልጣል፣ ሙቀቱ ያፋጥነዋል። በክረምት በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ ከሥር ውሃ የሚረጭ ማጠቢያ ይግባ፤ ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ጊዜ ደህና አድርጎ ያሳጥበው።

አራተኛ፣ ቅባ። የላጠውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ እስከሚያብረቀርቅ ፈግፍገህ በዚያው ቀን አንቲሩጂን፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም። ብሩሽ የማይገባበት የሻንሲ ሆድ ውስጥ ንጹሕ ዘይት ወይም ቀጠን ያለ ግሪስ ይረጭበት። ፈረንጆቹ ከበግ ጠጉር የሚወጣ ቅባት ሳይቀር ለዚህ ይጠቀሙበታል። ጋራዥ አካባቢ የተቃጠለ ዘይት የመቀባት ልማድ አለ፤ እኔ አልመክርም። ጎማ ነክ ነገሮችን ያበላሻል፣ ሲንጠባጠብም አፈሩንና ውሃውን ይመርዛል። ማርሚታውንና የፍሬን ዕቃዎቹን ደግሞ ማንኛውም ቅባት እንዳይነካቸው! ይህን ሁሉ በየዓመቱ፣ እኛ ጋ ክረምት ሳይገባ ግንቦት ላይ፣ እነሱ ጋ በረዶ ሳይጀምር መስከረምና ጥቅምት ላይ መድገም ነው።

ካትራሜስ? ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ሲቀባ ይጠቅማል። ዝገትና ጨው ላይ ሲቀባ ግን ቁስልን ሳያጥቡ በፋሻ መጠቅለል ነው። ከላይ ጥቁርና ቆንጆ፣ ከውስጥ መግል!

አሁን እንቅልፍ ወደ ነሳህ ነገር ልምጣ።

መጀመሪያ የያዝከውን እወቅ። ካቻቢቴና ትንሽ መዶሻ ያዝና ሥር ግባ። መኪናውን ግን በክሪክ ብቻ አቁመህ እንዳትገባ፣ ጠንካራ ድጋፍ አስደግፍ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እየመታህ ሂድ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይደፈናል። የተጠራጠርክበትን በካቻቢቴ ግፋ። ላዩ ብቻ ተላጦ ውስጡ ጠንካራ ከሆነ ያልኩህን አድርግ፣ ገና ብዙ ዓመት ይሠራልሃል። ካቻቢቴው ዘልቆ ከገባ ግን ያ ስቱኮ የሚያድነው አይደለም። ስቱኮ ፊት ማሳመሪያ እንጂ ጭነት መሸከሚያ አይደለም። የበሰበሰው ተቆርጦ በደህና ብረት፣ ሥራውን በሚያውቅ በያጅ ካልተተካ ያ መኪና ጭነት አይነካም።

ካሶኒውማ ቢበሳ ጨው ይፈሳል፣ ያ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት የፍሬን ቱቦዎቹን እይ። ቀጫጭን ናቸው፤ ሻንሲውን ተከትለው እስከ ኋላ እግር ይሄዳሉ። ሻንሲውን የበላ ጨው እነሱን አይምርም። አሁን ያቺን ቁልቁለት አስታውሷት። ወደ ተከዜ የሚወርደው መንገድ፣ ካሶኒው ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችና ሕፃናት፣ እግርህ ፍሬን ላይ… ቱቦው የሚፈነዳው ደግሞ አጥብቀህ ስትረግጥ ነው። ስለዚህ ቱቦዎቹ በአዲስ እስኪቀየሩ ሰው የሚባል እንዳትጭን። ይህን ምክር ሳይሆን ልመና አድርገህ ቁጠረው።

ሽያጩስ? ሽጠው፣ መሸጥ ነውር አይደለም። ቀብተህ አትሽጠው። ገዢውን ጠርተህ ከሥር አስገባው፣ ካቻቢቴውን ስጠው፣ «ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ በስብሷል» በለው። ውሉ ላይም ይጻፍ። ዋጋው ይወርዳል፤ ይውረድ። ያ ልጅ ያቺኑ መንገድ ነው የሚነዳው፤ የሚጭነውም ያንተኑ አገር ሰው ነው፣ ምናልባትም አጎትህን። እህቱስ ብሩን ያጠራቀመችው በሰው ቤት ስትለፋ አይደል? አጎትህም በሬዎቹን የሸጠ ሰው ነው፤ የላብን ዋጋ ያውቃል። ፊት ለፊት ተቀምጠህ ስለ ፍሬኑ ንገረው፤ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ካልገባው እንኳ ግማሹ ያንተ ነው፣ አልቀባም ማለት ትችላለህ።

እናንተም የአዲስ አበባ ልጆች፣ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ቀለሙና ቴፑ አያማልላችሁ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሩ ታችና በፓራፋንጎው ላይ አስኪዱት፤ ላሜራ ከሆነ ይይዛል፣ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። ያረጀ መኪና ሆዱ ትኩስ ጥቁር ተቀብቶ ካያችሁ ደግሞ «ምን ተደብቆ ነው?» በሉ። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን እዩ። ሻጩ ሥር መግባታችሁን ካልወደደ፣ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የኛ ሰው «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል። ወንድሜ፣ ከዋጋው ላይ የሚጎድለውን ብር በሌላ ሥራ ታገኘዋለህ። ቱቦዎቹን ግን ነገ ዛሬ ሳትል እይ፤ ምን እንዳገኘህም ጻፍልኝ።

በሉ ሳምንት በሰላም ያገናኘን!