ንጉሥና ሊቅ
የአዘጋጁ ማስታወሻ



ይህ እትማችን ከኮርዶባ እስከ ማራኬሽና ቱኒስ በተዘረጋው የመካከለኛው ዘመን ምዕራባዊ እስላማዊ ዓለም፣ ነገሥታትና ሊቃውንት በምን ቃል ኪዳን እንደ ተሳሰሩ፣ ኪዳኑም በምን ምክንያት እንደ ፈረሰ ይመረምራል።

የአልሞሃድ ሥርወ መንግሥት ከሊፋ አቡ ያዕቁብ ዩሱፍ የአርስጣጣሊስ መጻሕፍት ምሥጢር ቢረቅቅበት፣ በሐኪሙ በኢብን ጡፈይል አማካይነት ፈላስፋውን ኢብን ሩሽድን ትርጓሜ እንዲጽፍ አተጋው፤ ልጁ አል መንሱር ግን በ1195 እ.ኤ.አ. ያንኑ አረጋዊ ሊቅ ወደ ሉሴና አግዞ የፍልስፍና መጻሕፍቱ እንዲቃጠሉ አዘዘ። ኋላ ምሕረት ቢያደርግለትም፣ ሊቁ ብዙም ሳይቆይ በ1198 ማራኬሽ ላይ ዐረፈ፤ ትርጓሜዎቹ ግን ወደ ዕብራይስጥና ወደ ላቲን ተመልሰው የአውሮፓን ተማሪዎች ለብዙ ዘመን አስተማሩ። በቱኒስ የተወለደው ኢብን ኸልዱንም ብዙ ነገሥታትን አገልግሎ፣ እስራትንም ቀምሶ፣ በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» በተሰኘ መጽሐፉ የመንግሥታትን መነሣትና መውደቅ መረመረ።

ሥልጣን ዕውቀትን በአንድ እጁ ሲሸልም በሌላው ሲቀጣ ዛሬም የሚታይ ስለ ሆነ፣ ከእነዚህ ገጾች አንባቢ የሚያተርፈው የነገሥታት ስም ዝርዝር ሳይሆን የማመዛዘኛ ሚዛን ነው። እንግዲህ ሊቅ ወዳድ የተባለ ገዥ ሲወደስ በሰማችሁ ጊዜ፣ ሊቁ ያልተወደደ እውነት ከተናገረ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት መጠየቅን አትዘንጉ።